ከሩቅ የመጣ ረዳትና የቦረና ቆላ ውሃ

1. መግቢያ

በቦረና ቆላ በበጋ ወራት መንገደኛና መንገደኛ በተገናኙ ጊዜ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ስለ ገበያ ወይም ስለ አስተዳደር አይደለም፤ ስለ ዝናብና ስለ ውሃ ነው። የት ዘነበ? ሣሩ እንዴት ነው? የየትኛው ጉድጓድ ውሃ ቀነሰ? ከብቱ ከጠጣ ስንት ቀን ሆነው? ለሌላ አገር ሰው ይህ ተራ ጨዋታ ይመስለዋል። ለቦረና ግን የነገ ጉዞ፥ የልጆች ወተትና የጎሳ ሰላም የሚወሰኑት በነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ወደዚህ አገር ከውጭ የመጡ ረዳቶች ጥቂት አይደሉም። ሐኪም፥ ሚሲዮናዊ፥ አስተማሪ፥ መሐንዲስ፥ በመጨረሻም በበጎ ፈቃድ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሊያገለግል የመጣ ወጣት በየዘመኑ በነገሌ፥ በያቤሎ፥ በመጋና በሞያሌ መንገድ ታይቷል። ከነዚህም ብዙዎቹ በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ከውሃ ጋራ የተገናኘ ሥራ ሠርተዋል። የዚህ አነስተኛ ጥናት ዓላማ፥ ይህ እርዳታ በአገሩ ታሪክ ውስጥ ምን ዓይነት ስፍራ እንደ ነበረውና የረዳቱ የዕለት ኑሮ ምን እንደሚመስል መርምሮ፥ እርዳታው መቼ ፍሬ እንዳፈራና መቼ እንዳላፈራ ለማሳየት ነው።

ጽሑፉ የተመሠረተው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው ስለ አገሩ በታሪክ የተመዘገበው ነው። ሁለተኛው እኔ ራሴ በአንድ የክረምት ዕረፍት፥ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩበት አንድ የገጠር ውሃ ሥራ ዘንድ በአስተርጓሚነትና በጉልበት ሠራተኛነት በቈየሁበት ጊዜ ያየሁት ነው። የሥራውን ድርጅትና የሰዎቹን ስም መጥቀስ ለነገሩ ስለማይጠቅም ትቼዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

2. አገሩና የውሃው ሕግ

ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ባለው ምድር ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በቀድሞው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከርሷ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እስከ ኬንያ ወሰን ድረስ የሚዘረጋው ቆላ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የሌለበት ሰፊ የግጦሽ አገር ነው። ሁለቱ ወንዞች በዶሎ በኩል ወርደው የጁባን ወንዝ ሲፈጥሩ፥ በመካከል ያለው ሕዝብና ከብት የሚኖረው በዝናብና በጉድጓድ ነው።

የቦረና ሰው ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል። ገና የሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዋናው ዝናብ ነው። አዶሌሳ ቀዝቃዛው ደረቅ ወቅት ነው። ሐገያ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚጥለው አጭር ዝናብ ሲሆን፥ ቦና ደግሞ ረጅሙና ብርቱው በጋ ነው። በዝናቡ ጊዜ ከብቱ በየሜዳው በተጠራቀመው ውሃ እየጠጣ ወደ ሩቅ ግጦሽ ይሄዳል። ያ ውሃ ሲደርቅ ሁሉም ወደ ጉድጓዶቹ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ሩቁ ሣር ያርፋል፥ የጉድጓዱም ዙሪያ ይበላል። ይህን ሥርዓት ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ ስለ ኩሬዎች የምንናገረው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ጉድጓዶቹ በጠቅላላው ኤላ ይባላሉ። ጥልቀታቸው አነስተኛ የሆኑት አዳዲ፥ እጅግ ጥልቅ የሆኑት ደግሞ ቱላ ተብለው ይጠራሉ። ከጥንት ጀምሮ የታወቁት የቱላ ስፍራዎች ዘጠኝ ስለ ሆኑ በአንድነት ቱላ ሰግላን፥ ማለት ዘጠኙ ቱላ፥ ይባላሉ። ዱብሉቅ፥ መልባና፥ ዌብ፥ ዳስና ጋዮ ከነዚሁ መካከል ናቸው። በጋዮም በየ8 ዓመቱ ጉሚ ጋዮ የተባለው ታላቁ የቦረና ጉባኤ እየተሰበሰበ ሕግ ይመረምራል፥ ሕግም ይደነግጋል። የሕግ ጉባኤው የሚሰበሰብበት ስፍራ በጉድጓድ ስም መጠራቱ ራሱ ብዙ ያስተምራል።

የቱላ ጉድጓድ አንዳንዱ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃል። ከብቱ ከሜዳው ወደ ጉድጓዱ አፍ የሚወርደው መሬቱን ቈፍረው ባዘጋጁት ዘቅዛቃ መንገድ ነው። በመንገዱ መጨረሻ የጭቃ ገንዳ አለ፤ ስሙም ናኒጋ ነው። ከውሃው እስከ ገንዳው ድረስ ወጣቶች በእርከን በእርከን ቆመው፥ ኦኮሌ የሚባለውን የቆዳ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ሙሉውን ወደ ላይ ባዶውን ወደ ታች ያስተላልፋሉ። ሲቀባበሉም ያለማቋረጥ ይዘፍናሉ። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ስለዚህ ነገር እየጻፉ «ዘፋኝ ጉድጓዶች» ብለዋቸዋል።

የሥራውን ክብደት ለመገመት ቀላል ሒሳብ እናድርግ። አንዲት ላም ሦስት ቀን ተጠምታ ስትመጣ 50 ሊትር ትጠጣለች ብለን ብናስብ፥ 300 ከብት 15,000 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ ኦኮሌ 10 ሊትር ቢይዝ 1,500 ጊዜ ከጉድጓዱ ወጥቶ 1,500 ጊዜ መመለስ አለበት። ይህም የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፥ በማግስቱ ተራው የሌላ መንጋ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ሕግ ሊቆም አይችልም። እያንዳንዱ ጉድጓድ የአንድ ጎሳ ነው። ጉድጓዱን መጀመሪያ ያስቈፈረው ሰው፥ ከርሱም በኋላ ወራሹ፥ ኮንፊ ይባላል። የየቀኑን ተራ የሚያስተካክለውና ሥራውን የሚቈጣጠረው አባ ሄረጋ ነው። ጠብ ወይም ችግር ሲነሣ ኮራ ኤላ የተባለው የጉድጓዱ ሸንጎ ተቀምጦ ይፈርዳል፤ ያጠፋም ሰው ከብት ይቀጣል። አዲስ ጉድጓድ ሲቈፈር ወይም የተደፈነው ሲጠረግ ባለከብቶቹ ሰው ይልካሉ፥ ለሠራተኛውም ሰንጋ ያርዳሉ። ውሃው ግን በገንዘብ አይሸጥም። የሌላ ጎሳ ሰው እንኳ ቢሆን በሥርዓቱ ከለመነና ተራውን ከጠበቀ ይጠጣል። ናጋ ቦራና የሚሉት፥ ማለት የቦረና ሰላም፥ በዚህ ዓይነት መከባበር ላይ የቆመ ነው።

3. ከሩቅ የመጡት በታሪክ

በዚህ ቆላ ከታወቁት የውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች መካከል ቀደም ያሉት በጦርነት ጊዜ የመጡት ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ራስ ደስታ ዳምጠው በዶሎ ግንባር ሲዘምቱ፥ በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር የሚመራው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በገናሌ ወንዝ ዳር መልካ ዲዳ በተባለ ስፍራ ድንኳኑን ተክሎ ቁስለኛ ያክም ነበር። መልካ ማለት የወንዝ መሻገሪያና ውሃ መውረጃ ማለት ነው። ያለ ውሃ ቁስል ማጠብም ሆነ ሕመምተኛ ማሳደር አይቻልም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ቀይ መስቀል የተሳለበትን ድንኳን በቦምብ ደበደቡት። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን አለቁ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ስዊድናዊም ሞተ፤ ሂላንደር ራሱ ቈሰለ። ነገሩ በዓለም ዘንድ ታላቅ ተቃውሞ አስነሣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የገናሌ ዶሪያ ጦርነት ተደርጎ የግራዚያኒ ጦር ጥር 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነገሌን ያዘ።

ከነጻነት በኋላ በ1940 ዓ.ም. ገደማ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ሠራተኞች ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መጥተው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ መክፈት ጀመሩ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ ደግሞ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። የመጀመሪያው ኃላፊያቸው ሐሪስ ዎፎርድ ነበር። እነዚህ ወጣቶች በአብዛኛው አስተማሪዎች ሆነው በየጠቅላይ ግዛቱ ከተማዎች ተበተኑ። ስለዚህም በጎ ፈቃደኛ ማለት በአገራችን ሰው አእምሮ ውስጥ መጽሐፍ ይዞ ክፍል የሚገባ ወጣት ፈረንጅ ማለት ሆነ።

በዚያው ዘመን እኛም የራሳችንን ዘማቾች መላክ ጀመርን። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግሉ ተደነገገ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አወጣ። የከተማ ልጅ የኩሬ ውሃ ጠጥቶ የታመመበት፥ አካፋ የያዘበት፥ ከገበሬና ከዘላን ጋራ አንድ ማዕድ የቀረበበት ጊዜ ያ ነው። በቦረና ቆላ ሲሄድ ግን ከአዲስ አበባ የመጣውም ተማሪ እንደ ስዊድናዊው ያው እንግዳ ነበር።

4. የነገሌ ውሃ፥ ጥር 1966

ስለ ነገሌና ስለ ውሃ የሚጽፍ ሰው በጥር 1966 ዓ.ም. የሆነውን ሳይነካ ሊያልፍ አይችልም። በነገሌ ሠፍሮ የነበረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር በምግብ መበላሸትና በውሃ እጦት ይቸገር ነበር። የወታደሮቹን ውሃ የሚስበው ፓምፕ ተበላሸ። ወታደሮቹ ከመኰንኖቹ ጉድጓድ እንዲቀዱ ቢጠይቁ ተከለከሉ። በጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. አመፁና መኰንኖቻቸውን አሰሩ። ጉዳዩን እንዲመረምሩ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ድረሴ ዱባለም ተይዘው፥ ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ ተደረጉ። ወሬው ቢደበቅም በጦሩ የሬድዮ መገናኛ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ደረሰ። በየካቲት ወር የደብረ ዘይት አየር ኃይልና የአሥመራው 2ኛ ክፍለ ጦር ተከተሉ። ከስምንት ወር በኋላ፥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

የአብዮቱ ምክንያት አንድ ፓምፕ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። የወሎ ረኃብ፥ የመሬት ጥያቄ፥ የኑሮ ውድነትና የትምህርት ጉዳይ ሁሉ ተደርበው ነበር። ነገር ግን ለጥናታችን የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር አለ። የነገሌን ወታደር ያስቈጣው የፓምፑ መሰበር ብቻ አልነበረም፤ ብረት መሰበሩ ያለ ነገር ነው። ያስቈጣው በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ጉድጓድ ሳለ፥ አንዱ ሲደርቅ ከሌላው መጠጣት መከልከሉ ነው። በዚያው አውራጃ ውስጥ ከዚያ ግቢ ብዙም ሳይርቅ፥ ለተጠማ እንግዳ እንኳ ተራ የሚሰጥ የኤላ ሕግ ነበረ። ውሃ የማካፈል ሥርዓት የሌለው ጦር ሠፈር ውሃ በማካፈል ሥርዓት በሚኖር ሕዝብ መካከል ቆሞ እንደ ነበረ ስናስብ፥ ነገሩ ከታሪክ አጋጣሚ በላይ ትምህርት ይሰጠናል።

5. የኩሬዎቹ ነገር

በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ እርዳታ በያቤሎ አካባቢ የግጦሽ ልማት ሙከራ ተጀመረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው የደቡብ ግጦሽ መሬት ልማት ክፍል ዋና ቢሮውን በያቤሎ አድርጎ መንገድ ጠረገ፥ የእንስሳት ሕክምና አስፋፋ፥ በዶዘርም ትልልቅ ኩሬዎች ቈፈረ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ብዙ ሣር ያለበት ስፍራ ውሃ ስላጣ ብቻ ባዶውን ይቀመጣል፤ ውሃ ቢያገኝ ከብቱ ይበዛል፥ ለገበያ የሚቀርበውም ሰንጋ ይጨምራል የሚል ነው።

ይሁን እንጂ ከላይ እንደተገለጸው፥ ያ ሣር ባዶውን የተቀመጠው ተረስቶ አልነበረም። በዝናብ ወቅት ተበልቶ በበጋ የሚያርፍ ግጦሽ ነበር። ኩሬው ዓመቱን ሙሉ ውሃ ሲይዝ ከብቱ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ተቀመጠ። ሰውም ቤት ሠራ። ሣሩ ዕረፍት አጣ። በዚያው ዘመን እሳት መለኰስ ስለተከለከለ፥ ቀድሞ በእሳት ይገታ የነበረው የእሾህ ቁጥቋጦ ሜዳውን ወረሰው። በ1970ዎቹ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ተመራማሪዎች በቦረና ያደረጉት ጥናትም የግጦሹን መጎዳትና የቁጥቋጦውን መስፋፋት በሰፊው ገልጧል። ከ1975 እስከ 1977 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ ሲመጣ የሞተው ከብት እጅግ ብዙ ሆነ።

ከዚያ ወዲህም ድርቁ ተመላልሷል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአፍሪቃ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው፥ የቦረና ሜዳ በከብት አጽም ተሸፍኖ ታየ። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ኩሬ ነው አልልም። የሕዝብ መብዛት፥ የእርሻ መስፋፋት፥ የወሰንና የግጭት ችግር፥ የአየር ጠባይ መለወጥም አለበት። ነገር ግን ኩሬው አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ይኸውም ውሃ ወደ አንድ ስፍራ ሲመጣ ከብትን፥ ቤትንና ክርክርን አስከትሎ እንደሚመጣ ነው። በቱላ ዘንድ ለዚህ ሁሉ ሕግ ቀድሞ ተዘጋጅቷል። በዶዘሩ ኩሬ ዘንድ ግን ውሃው ቀድሞ መጥቶ ሕጉ ወደ ኋላ ቀረ።

6. የበጎ ፈቃደኛው የዕለት ኑሮ

አሁን ወደ ራሴ ትዝብት ልመለስ። እኔ የነበርኩበት ሠፈር ከነገሌ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነው። ከሦስት የተለያዩ አገሮች የመጡ አራት በጎ ፈቃደኞች፥ አንድ ኢትዮጵያዊ መካኒክ፥ አንድ ሾፌርና እኔ በሁለት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። ለሰው በቀን የተመደበው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። መጠጡም፥ ማብሰያውም፥ መታጠቢያውም፥ የልብስ ማጠቢያውም ከዚያው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁላችንም ከቀትር በፊት ጨረስነው። በሁለተኛው ሳምንት ፊት የታጠብንበትን ለእግር፥ እግር የታጠብንበትን ለስሚንቶ ማቡኪያ ማስቀመጥ ተማርን። ከመንደሩ ሴቶች አንዷ ይህን አይታ ሳቀችብን፤ በርሷ ቤት አንድ ጀሪካን የሚደርሰው ለስድስት ሰው ነበር።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን ሻይ በወተት እንጠጣለን። በ12 ሰዓት ሥራ ላይ እንገኛለን። ሥራው የኤላውን ገንዳ በስሚንቶ መለሰንና ዘቅዛቃውን መንገድ ማስተካከል ነበር። ስለዚህ ጠዋት አሸዋ እንነፋለን፥ ድንጋይ እናግዛለን፥ ስሚንቶ እናቦካለን። በ5 ሰዓት ፀሐይዋ ስለምትከብድ ሥራ ይቆማል። ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ይጀመራል። ማታ ስልካቸውን በፀሐይ ኃይል በሞላው ባትሪ እየከፈቱ ወደ ቤተ ሰባቸው መልእክት ለመላክ ኮረብታ ላይ ይወጣሉ፤ ኔትዎርክ የሚገኘው እዚያ ላይ ነውና። በእንግድነት የተጠራንበት ቤት ካለ በቅቤ የተጠበሰውን ቡና ቀላ እንቀምሳለን። ወባና የሆድ ሕመም በየተራ ጎብኝቶናል። ከአራቱ አንዱ ሁለት ወር ሳይሞላው ታሞ ተመለሰ። የቀሩት ግን ሥራ የማይሰለቹ፥ ቋንቋ ለመማር የሚጥሩ ሰዎች ነበሩ።

አንድ ቀን ከሰንሰለቱ ገብቼ ኦኮሌ እንድቀባበል ፈቀዱልኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በመዘምራን ውስጥ ስለ ነበርኩ፥ ዘፈኑን ሥራ ለማቅለል የሚዘፈን ደስታ አድርጌ ቈጥሬው ነበር። ከእርከኑ ላይ ስቆም ግን ዘፈኑ ሰዓት እንደ ሆነ ገባኝ። የላይኛው ሰው እጁን የሚዘረጋው በቃሉ ላይ ነው፤ ቃሉን ያልጠበቀ ሰው ባልዲውን በባዶ አየር ላይ ይሰጣል። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ሙሉው ኦኮሌ ከእጄ አምልጦ ከበታቼ ባለው ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ። ማንም አልተቈጣም። አባ ሄረጋው ብቻ ከላይ ሆነው በእጃቸው ምልክት አሳዩኝና ወጣሁ፤ በስፍራዬም የ15 ዓመት ልጅ ገባ።

ከዚህ የበለጠው ጥፋቴ ግን በማስተርጐም ላይ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩ ሠራተኞች ከዚያው ራቅ ብሎ በሚገኝ የዝናብ ወቅት ግጦሽ ላይ የእጅ ፓምፕ ተክለው ነበር። ስፍራው የተመረጠው በካርታ ላይ ነው። ሰባት ሰዎች ያሉበት የውሃ ኮሚቴ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተመርጦ፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፥ ተመረቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፓምፑ ተሰበረ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ መምጣት ነበረበት፤ አልመጣም። እኛ ስንደርስ ሕፃናት በስሚንቶው መደብ ላይ ይጫወቱ ነበር።

በጎ ፈቃደኞቹ ፓምፑን እንጠግን ብለው ሽማግሌዎችን ሰበሰቡ። ከነርሱ አንዱ አዛውንት ረጋ ብለው «የዚህ ኤላ ኮንፊ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። እኔም ፈጥኜ «የዚህ ጉድጓድ ባለቤት ማን ነው?» ብዬ ተረጐምኩ። ወጣቱ መሐንዲስ ደስ ብሎት «ባለቤቱ ሕዝቡ ነው፤ የሁላችሁም ነው» አለ። ይህንንም መልሼ ተረጐምኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ። ስብሰባውም ያለ ውሳኔ ተበተነ።

በኋላ ለብቻቸው ሄጄ በጠየቅኋቸው ጊዜ እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። ኮንፊ ማለት የኔ ነው ብሎ የሚከለክል ሰው ማለት አይደለም። ጉድጓዱ ሲደፈን ሰው የሚጠራ፥ ሰንጋ የሚያርድ፥ ጠብ ሲነሣ ፊት ለፊት የሚቆምና ስሙ የሚጠራበት ማለት ነው። የሁሉም ነው የተባለ ነገር ሲሰበር የሚጠራው ማን ነው? ስለዚህ ጥያቄያቸው የንብረት ሳይሆን የኃላፊነት ነበር። እኔ በአንድ ቃል ሳትኩትና ፈረንጁ ለሌላ ጥያቄ መልስ ሰጠ። ጥፋቱ የርሱ ብቻ አይደለም፤ የአገሩን ቋንቋ አውቃለሁ ብዬ የገባሁት የእኔም ነው።

በሌላ በኩል በቱላው ላይ የሠራነው ሥራ እስከ መጨረሻው በመልካም ሄደ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የገንዳውን ርዝመት የወሰኑት አባ ሄረጋው ናቸው። ሥራው በየትኛው ቀን እንደሚቆምና የማን ከብት ቀድሞ እንደሚጠጣ የተቈረጠው በጉድጓዱ ሸንጎ ነው። ከውጭ የመጣው ስሚንቶና የመለኪያ ዕውቀት ብቻ ነበር። የጭቃው ገንዳ በየጊዜው እንደገና መሠራት ነበረበት፤ አሁን ያ ድካም ቀረ፥ ውሃም ወደ መሬት አይሰርግም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። የቱላን ሕግ ማመስገን ለኛ ቀላል ነው፤ ኦኮሌ የሚያነሣው ግን ሌላ ሰው ነው። ዛሬ ብዙ ወጣት ወደ ትምህርትና ወደ ከተማ ስለሚሄድ በጉድጓዱ እርከን ላይ የሚቆም ሰው እያነሰ መጥቷል። ደግሞም የኤላው ሥርዓት በይበልጥ የሚናገረው ስለ ከብት ነው። ለቤት የሚሆነውን ውሃ በጀርባና በአህያ ከሩቅ የሚያመጡት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ለአንዲት ልጅ በመንደርዋ አጠገብ ያለ ፓምፕ ትምህርት ቤት መግባትና አለመግባት ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲያውም በዚያ ስብሰባ ላይ ፓምፑ ይጠገን ብለው አጥብቀው የተናገሩት ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ነበሩ፤ ቃላቸውን ግን የመዘገበ አልነበረም። ስለዚህ አዲሱ ውሃ አያስፈልግም ማለት ትክክል አይደለም። ክርክሩ አዲሱ ውሃ ኃላፊ ይኑረው በሚለው ላይ ነው።

7. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተባለው ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፥ በቦረና ቆላ ውሃ ከሕጉ ተለይቶ አያውቅም፤ ሕጉን ያልጠየቀ ረዳት ግማሹን ብቻ ያያል። ሁለተኛ፥ በ1966 ዓ.ም. በነገሌ ጦር ሠፈር እንደታየው ውሃ ሲጎድል ሰውን ከጥማቱ ይልቅ የሚያስቈጣው የአካፋፈሉ አድልዎ ነው። ሦስተኛ፥ የኩሬዎቹ ታሪክ እንደሚያሳየን በመልካም ሐሳብ የመጣ ሥራ እንኳ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ይታያል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የሠራው ሰው ወደ አገሩ ተመልሷል።

የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ሕጉን በመዝገብ ማክበር አንድ ነገር ሲሆን፥ ፓምፕ በሚተከልበት ቀን ሕጉን መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። የሚቀጥለው የውሃ መሐንዲስ ከዚህ ኮሌጅ ይወጣ ይሆናል። ከሩቅ አገር የመጣውን ወጣት ቋንቋ አያውቅም ብለን እናዝንለታለን፤ እኛ ግን ቋንቋውን እያወቅን ቃሉን ልንስት እንችላለን።

ጽሑፌ አጭርና ብዙ ጉድለት ያለበት መሆኑን አውቃለሁ። በተለይ የሴቶቹ የውሃ ሥራና የኮንፊ ወራሽነት ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልገዋል። አገሩን ከኔ ይልቅ የሚያውቅ አንባቢ ስሕተቴን ቢያርመኝ በደስታ እቀበላለሁ። ያ ፓምፕ እኔ ስመለስ አልተጠገነም ነበር። ከመሄዴ በፊት በነበረው ምሽት ግን ሽማግሌው ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋራ በስሚንቶው መደብ ላይ ተቀምጠው፥ ለዚህ ነገር ከየትኛው ቤት ሰው ይጠራ እያሉ ሲመካከሩ ትቻቸው መጥቻለሁ።